የኤችአይቪ ምርመራ ብቻውን ይበቃል ወይ? ስለ ጊዜያዊ ግንኙነትና ስለ ጤናችን

ጥያቄ፦ የማራኪ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ትምህርቴን አጠናቅቄ እዚሁ ጎንደር ተቀጥሬ የምሠራ የ23 ዓመት ወጣት ነኝ። የማቀርበው ጥያቄ እኔን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ አብረውኝ የተማሩትንና አሁንም ማራኪና አራዳ አካባቢ ቤት ተከራይተው የሚኖሩትን ብዙ ጓደኞቼንም ስለሚመለከት፣ እውቀቱ ያላችሁ ሰዎች በጥሞና አንብባችሁ እንድትመልሱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

በእኛ ዕድሜ ባሉ ወጣቶች መካከል ጋብቻም ሆነ ዘላቂ ጓደኝነት ሳይታሰብበት የሚደረግ የግብረ ሥጋ ግንኙነት በአደባባይ አይነገር እንጂ እንግዳ ነገር አይደለም። አንዳንዱ በምረቃ ሰሞን ይጀመራል፣ አንዳንዱ ለጥምቀት ከሌላ ከተማ ከመጣ እንግዳ ጋር፣ አንዳንዱም በቴሌግራም ከተዋወቁት ሰው ጋር። ድርጊቱ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ክርክር ለማንሳት አልመጣሁም። ያስጨነቀኝ ስለ ጤና የምናስብበት መንገድ ነው። ጓደኞቼ ሲነጋገሩ የምሰማው ዋና ፍርሃት እርግዝና ነው፤ እሱም ፖስትፒል (ከግንኙነት በኋላ የሚወሰደው ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ክኒን) ከተወሰደ በኋላ ይረሳል። ስለ በሽታ ከተነሳ ደግሞ አንደኛው ወገን «ተመርምሬያለሁ፣ ነፃ ነኝ» ይላል፣ ሌላኛው ያምናል፣ ነገሩም በዚያው ይዘጋል።

ስለዚህ እንዲህ ብዬ ልጠይቅ። አንድ ሰው ኤችአይቪ ተመርምሮ ነፃ ከሆነና ምንም ዓይነት የሕመም ምልክት ከሌለው፣ ጤነኛ ነው ብሎ መደምደም ይቻላል ወይ? ፖስትፒልን በአንድ ወር ውስጥ ደጋግሞ መውሰድስ በኋላ መውለድን ይከለክላል የሚባለው እውነት ነው? ከሁሉም በላይ ደግሞ እንደ ጎንደር ባለ፣ የሰፈሩ ሰው እርስ በርሱ በሚተዋወቅበት ከተማ አንዲት ያላገባች ሴት ለእንዲህ ያለ ምርመራ ወዴት ትሂድ፣ ምንስ ብላ ትጠይቅ?

መልስ፦ የአዘዞዋ ነርስ

እህቴ፣ ጥያቄውን በዚህ ጥንቃቄ ስላቀረብሽው አመሰግንሻለሁ። በጤና ጣቢያ ለረጅም ጊዜ ስለሠራሁ፣ አንቺ የጻፍሽውን ስሌት ይዘው የሚመጡ ወጣቶችን አዘውትሬ አገኛለሁ፤ ስለዚህ መልሴ ቢረዝም ታገሺኝ።

የመጀመሪያው ጥያቄሽ መልስ፣ አይበቃም የሚል ነው። የኤችአይቪ ምርመራ የሚናገረው ስለ ኤችአይቪ ብቻ ነው፤ ስለ እሱም ቢሆን በእርግጠኝነት የሚናገረው ከሦስት ወር ገደማ በፊት ስለነበረው ሁኔታ ነው። በጤና ተቋማት የሚሠራበት ፈጣን ምርመራ ቫይረሱን ራሱን ሳይሆን ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመርተውን ፀረ እንግዳ አካል ስለሚፈልግ፣ ባለፈው ሳምንት የተያዘ ሰው ዛሬ ተመርምሮ ነፃ የሚል ውጤት ይዞ ሊወጣ ይችላል። በዚያ የመጀመሪያ ወቅት ግን በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ ወደ ሌላ ሰው የማስተላለፍ ዕድሉም የዚያኑ ያህል ከፍ ያለ ነው። በመሆኑም «ነፃ ነኝ» የሚል ሰው መቼ እንደተመረመረና ከዚያ ወዲህ ግንኙነት ፈጽሞ እንደሆነ ካልተጠየቀ፣ ቃሉ ብዙም አያስተማምንም። የአንዱ ነፃ መሆንም ስለ ሌላው ምንም አይመሰክርም፤ ጓደኛዬ ነፃ ስለሆነ እኔም ነፃ ነኝ ብሎ ሳይመረመር የሚቀር ሰው ብዙ ነው።

በአገራችን ኤችአይቪ ቀንሷል የሚለው ወሬም ወጣቱን አዘናግቶታል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሰዎች መካከል ቫይረሱ የሚገኝባቸው በአገር አቀፍ ደረጃ 0.9 በመቶ ነበሩ፤ ይሁን እንጂ ቁጥሩ ለገጠር 0.4 በመቶ ሲሆን ለከተማ 2.9 በመቶ ነበር። እኛ የምንኖረው ከተማ ውስጥ ነው። ጎንደር ደግሞ ተማሪው፣ ጎብኚው፣ ነጋዴውና ወደ መተማና ሑመራ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ሁሉ የሚገናኝባት ከተማ ናት።

ከኤችአይቪ ውጭ ስላሉት የአባላዘር በሽታዎች ልንገርሽ፤ እኔን እጅግ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በዓለም ላይ በክላሚዲያ፣ በጨብጥ፣ በቂጥኝና በትሪኮሞናስ 374 ሚሊዮን አዳዲስ ኢንፌክሽኖች ተከስተዋል። አራቱም በመድኃኒት የሚድኑ ናቸው። ክላሚዲያ የያዛቸው አብዛኞቹ ሴቶች ግን ምንም ምልክት አይታይባቸውም፤ ፈሳሽም፣ ሕመምም፣ ሲሸኑ ማቃጠልም ላይኖር ይችላል። ጨብጥም በሴቶች ላይ ብዙ ጊዜ እንዲሁ ተደብቆ ይቆያል። ተደብቆ በቆየባቸው ወራት ኢንፌክሽኑ ከማኅፀን በር ወደ ላይ ወጥቶ የማኅፀን ቱቦዎችን ያቆስላል፤ ቁስሉ ሲድን ጠባሳ ይተዋል፣ ጠባሳውም ቱቦውን ያጠብበዋል ወይም ይዘጋዋል። ከዓመታት በኋላ አግብታ ልጅ ስትፈልግ የማታገኝ፣ ወይም ከማኅፀን ውጭ እርግዝና ገጥሟት ሕይወቷ አደጋ ላይ የሚወድቅ ሴት የችግሯን መነሻ ላታስታውሰው ትችላለች፤ ያን ጊዜ ምንም አላመማትምና።

ቂጥኝ ደግሞ በሌላ መንገድ ያታልላል። ከተጋለጡ ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ በብልት ወይም በአፍ ላይ የማያም ቁስል ይወጣል፤ በሴት ብልት ውስጥ ከወጣ ጭራሽ አይታይም። ቁስሉ ያለ ምንም ሕክምና ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ ስለሚድን ሰውየው በሽታው የለቀቀው ይመስለዋል። በሽታው ግን በደም ውስጥ አለ፤ ቆይቶ በሰውነት ላይ ሽፍታ ያወጣል፣ ከዓመታት በኋላ ልብንና አእምሮን ሊጎዳ ይችላል፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች ሴት ወደ ፅንሱ ተላልፎም ፅንሱን ይገድላል ወይም ያሰናክላል። ገና በመጀመሪያው ዘመኑ ከተደረሰበት ግን አንድ ጊዜ በሚሰጥ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ የሚድን በሽታ ነው። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይቆጨኛል፤ መድኃኒቱ ርካሽ ነው፣ ምርመራውም ቀላል ነው፣ የጎደለው ጠያቂ ብቻ ነው።

በእናንተ ዕድሜ ላይ የተለየ ክፍተት የሚፈጥሩ ሁለት ነገሮችን ልጨምር። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በአገራችን ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለዳችሁት በሕፃንነታችሁ አላገኛችሁትም። ይህ ጉበትን የሚያጠቃ ቫይረስ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ከኤችአይቪ ይበልጥ በቀላሉ ይተላለፋል፤ ተመርምሮ ነፃ የሆነ ሰው ግን በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ በሚወሰድ ክትባት ራሱን መጠበቅ ይችላል። የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው ክትባትም በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር የተሰጠው 14 ዓመት ለሆናቸው ልጃገረዶች ነበርና አንቺን አላገኘሽም። ለሴቶች በአጠቃላይ የማኅፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ የሚሰጠው ከ30 እስከ 49 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው፤ ኤችአይቪ በደማቸው ላለ ሴቶች ግን ቀደም ብሎ ይጀመራል። ዕድሜሽ ሲደርስ አትርሺው።

ሦስተኛውን ጥያቄሽን በሚመለከት፣ ያለሽበትን ጭንቀት አውቀዋለሁ። በካርድ ክፍል መስኮት ላይ «ምንሽን ነው የታመምሽው?» ተብለሽ ብትጠየቂ ሰው በተሰለፈበት ቦታ የመመለስ ግዴታ የለብሽም፤ «ለሐኪሙ እነግራለሁ» ማለት በቂ ነው። በብዙ ጤና ጣቢያዎች ለወጣቶች ተብሎ የተለየ የምክርና የሕክምና ክፍል ስላለ እሱን ጠይቂ። የሰፈርሽ ጤና ጣቢያ የሚያስፈራሽ ከሆነ በሌላ ክፍለ ከተማ ወዳለው ብትሄጂ የሚከለክልሽ የለም። ከባለሙያው ፊት ስትቀመጪ ደግሞ «ምርመራ ፈልጌ ነው» ብቻ ብትይ ኤችአይቪ ተመርምረሽ ትመለሻለሽ። ስለዚህ በግልጽ የቂጥኝና የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ እንደምትፈልጊ፣ ያለ ኮንዶም ግንኙነት ፈጽመሽ ከሆነም ይህንኑ ተናገሪ። በጤና ጣቢያ ደረጃ የክላሚዲያና የጨብጥ ሕክምና የሚሰጠው በአብዛኛው ምልክትን ተከትሎ ነው፤ ምልክት የሌላት ሴት ካልተናገረች ማንም አይደርስባትም። ወደ ትልቅ ሆስፒታል መላክ ካስፈለገ ባለሙያው ይወስናል።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ግንኙነቱ በኃይል ከሆነ፣ ወይም አንዷ በመጠጥ ምክንያት ራሷን በማታውቅበት ሁኔታ ከተፈጸመባት፣ ይህ ጊዜያዊ ግንኙነት ሳይሆን ወንጀል ነው። ፖሊስ ዘንድ ለመሄድ ወይም ለቤተሰብ ለመናገር እስክትወስን ድረስ ሕክምናውን አታዘግይ። ኤችአይቪን ለመከላከል ለ28 ቀናት የሚወሰደው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በፈጠነ ቁጥርም ይሻላል። ኮንዶም የተቀደደባቸውም ቢሆኑ በዚሁ ሰዓት ውስጥ መጥተው መጠየቅ ይችላሉ።

መልስ፦ መድኃኒት ቤት ያለሁ

ሲስተር የጻፉትን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። እኔ ፋርማሲስት ስለሆንኩ ስለ ፖስትፒል ልመልስ።

በፖስትፒል ውስጥ ያለው ሌቮኖርጀስትሬል የተባለ ሆርሞን ሲሆን፣ ሥራው የሴቷ እንቁላል በጊዜው እንዳይለቀቅ ማዘግየት ነው። ከግንኙነቱ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በተቻለ መጠንም ቶሎ መወሰድ አለበት፤ እስከ አምስተኛው ቀን ድረስ የተወሰነ ጥቅም ቢኖረውም እየደከመ ይሄዳል። እንቁላሉ አስቀድሞ ከተለቀቀ አይሠራም፣ የተጀመረ እርግዝናንም አያቋርጥም። ከተወሰደ በኋላ በሁለት ሰዓት ውስጥ ካስመለሳት እንደገና መውሰድ ይኖርባታል። የወር አበባዋ ከሚጠበቀው ቀን ከሳምንት በላይ ከዘገየም የእርግዝና ምርመራ ታድርግ።

ደጋግሞ መውሰድ መካን ያደርጋል የሚባለው እውነት አይደለም። የወር አበባን ጊዜ ያዛባል፣ ማቅለሽለሽና ራስ ምታት ያመጣል፤ መውለድን ግን አይከለክልም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። መድኃኒቱ አንዴ ከተወሰደ በኋላ በዚያው ወር ለሚደረግ ሌላ ግንኙነት መከላከያ አይሆንም፤ ብዙዎች ግን እንደሚሆን አድርገው ያስባሉ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ሪፋምፒሲን ወይም ለሚጥል በሽታ የሚሰጠውን ካርባማዜፒን የምትወስድ ሴት ደግሞ ፖስትፒሉ በሚገባ ላይሠራላት ይችላል፤ ይህን ለመናገር ግን መድኃኒቱን ራሷ መጥታ መጠየቅ አለባት። ሰኞ ጠዋት መስኮቱ ላይ የሚቆመው ወንዱ ነው፤ ስለ እሷ ስጠይቀው ምንም አያውቅም፣ ገንዘቡን ሰጥቶ ይሄዳል። በመሃል የምትጎዳው የማላያት ልጅ ናት።

በየወሩ ፖስትፒል የምትፈልግ ሴት መደበኛ መከላከያ ብትጀምር በጣም ይሻላታል። ለሦስት ወር የሚሠራው መርፌ፣ እንደ ዓይነቱ ለሦስት ወይም ለአምስት ዓመት በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው፣ ወይም በማኅፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ክፍያ ይሰጣል። መዳብ ያለበት ሉፕ ከግንኙነቱ በኋላ በአምስት ቀን ውስጥ ከገባ እንደ ድንገተኛ መከላከያም ያገለግላል፤ ከፖስትፒልም ይበልጥ አስተማማኝ ነው። ከእነዚህ አንዱም ግን ከአባላዘር በሽታ አይከላከልም፤ ለዚያ ያለው ኮንዶም ነው። ኮንዶም ሲገዛ የማብቂያ ቀኑ ይታይ፤ ለወራት በኪስ ቦርሳ ውስጥ ተቀምጦ ሲታሽና ሲሞቅ የቆየ አይታመንም፤ ቫዝሊንና ሌላ ዘይትነት ያለው ቅባትም ላስቲኩን ስለሚያሳሳው አብሮ አይደረግ።

መልስ፦ የመተማ መንገደኛ

እኔ ከጎንደር መተማ እየተመላለስኩ እሠራለሁ፤ ከላይ ያልተነሳውን የወንዶችን ጉዳይ ልናገር። በሰሊጥ አጨዳ ወቅት በብዙ ሺህ የሚቆጠር ወጣት ከቤተሰቡ ርቆ፣ ገንዘብ በእጁ ይዞ፣ ሠርቶ ያድራል። ጨብጥ ሲይዘውና ሲሸና ሲያቃጥለው ወደ ጤና ጣቢያ አይሄድም፤ ከአንድ ሱቅ አሞክሳሲሊን ይገዛል፣ ከጓደኛው ጋር ተካፍሎም ይውጣል። ማቃጠሉ ሲቀንስለት ዳንኩ ብሎ ወደ ጎንደር ይመለሳል፤ እዚህ ደግሞ የምትጠብቀው እጮኛ አለች። እባካችሁ የጤና ባለሙያዎች፣ ይህ ዓይነቱ ራስን ማከም ምን እንደሚያስከትል ለወንዶቹም በግልጽ ጻፉላቸው። ምክሩ ሁሉ ለሴት ብቻ ሲሆን ይታየኛል።

መልስ፦ መድኃኒት ቤት ያለሁ

ወንድሜ፣ ልክ ነህ። የጨብጥ ባክቴሪያ እንዲህ ባለው አጠቃቀም ምክንያት ብዙ መድኃኒቶችን ተላምዷል፤ በዓለም ዙሪያ ፔኒሲሊንና ቴትራሳይክሊን ለዚህ በሽታ ጥቅም መስጠት ካቆሙ ቆይተዋል፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንም በብዙ አገር ተከትሏቸዋል። አሁን ዋናው መድኃኒት በመርፌ የሚሰጠው ሴፍትሪያክሶን ነው፤ ክላሚዲያ አብሮ ሊኖር ስለሚችልም የሚዋጥ መድኃኒት ይታከልበታል። ምልክቱ ጠፋ ማለት ባክቴሪያው ጠፋ ማለት ስላልሆነ፣ ያ ወጣት ወደ እጮኛው ሲመለስ በሽታውን ይዞላት ሊመጣ ይችላል።

መልስ፦ የልጆች እናት

ልጆቼ፣ ጽሑፋችሁን አነበብኩ። እኔ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ያደግሁና ልጆቼንም እስከ ጋብቻ ድረስ መታገሥ እንደሚገባ እየመከርኩ ያሳደግሁ እናት ነኝ፤ ዛሬም የማምነው ይህንኑ ነው። ሆኖም ልጄ በስሕተትም ሆነ በምርጫ ከመንገዱ ወጣች ብዬ በበሽታ እንድትሞትብኝ ወይም ልጅ አጥታ እንድታለቅስ አልሻም፤ የሚሻ እናትም ያለ አይመስለኝም። ልጆቻችን ከእኛ ቁጣ ሲሸሹ ከሐኪሙም እየሸሹ እንደሆነ ይህን ውይይት ሳነብ ገብቶኛል።

አንድ ሐሳብ ላቅርብ። በከተማችን ጋብቻ ሲታሰብ ሙሽሮቹ የኤችአይቪ ምርመራ ውጤት ይዘው እንዲመጡ መጠየቁ የተለመደ ሆኗል፤ መልካም ልማድ ነው። ሲስተር ያነሱት ቂጥኝና የጉበቱ በሽታስ ለምን አብረው አይታዩም? ሽማግሌዎችና የንስሐ አባቶች ይህን ቢያነሱ ማንም አያፍርም ነበር፤ ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ሳይሆን ወራት ሲቀሩት ቢሆን ደግሞ ለመታከምም ጊዜ ይገኛል።

ምላሽ፦ የማራኪ ልጅ

እናቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እንዲህ የሚሉ እናቶች ቢበዙ ብዙዎቻችን ከቤት አንሸሽም ነበር። ሲስተር፣ መልስዎን ለጓደኞቼ አንብቤላቸው ሁለቱ አብረውኝ ሊመረመሩ ተስማምተዋል። አንዷ ግን የምትፈራው ሌላ ነገር ነው፦ ውጤቱ በሽታ አለ ቢል፣ አሁን ከማታገኘው ሰው ጋር የነበረውን ጉዳይ እንደገና መክፈት ይኖርባታል ወይ? ዝም ብላ ብትታከምስ ምን ይጎድላታል?

መልስ፦ የአዘዞዋ ነርስ

ብቻዋን ብትታከም እሷ ትድናለች፤ እሱ ግን ሳያውቅ ለሌሎች እያስተላለፈ ይቀጥላል፣ ተመልሰው ከተገናኙም በሽታው ወደ እሷ ይመለሳል። ስለዚህ ይነገረው ብዬ እመክራለሁ፤ የምትናገርበት መንገድ ግን የእሷ ምርጫ ነው። ፊት ለፊት መገናኘት አያስፈልጋትም፤ «ተመርምሬ የሚታከም ኢንፌክሽን ተገኝቶብኛል፣ አንተም ብትመረመር መልካም ነው» የሚል አጭር መልእክት ይበቃል። በጤና ተቋማችን ለጓደኛ የሚሰጥ የመጥሪያ ወረቀት አለ፤ በሽታውን በስም ሳይጠቅስ ለምርመራ እንዲመጣ ብቻ የሚጋብዝ ስለሆነ እሱን መላክ ትችላለች። የሚያስፈራራት ወይም የሚጎዳት ሰው ከሆነ ግን ለባለሙያው ትንገረው፣ እንድትነግረውም አትገደድም።

ክላሚዲያ ወይም ጨብጥ ሆኖ ከታከመች፣ መድኃኒቱን ከወሰደች በኋላ ለሰባት ቀን ከግንኙነት ትቆጠብ። አሁን የምትገናኘው ሰው ካለ ደግሞ እሱም እስኪታከም ድረስ ትጠብቅ፤ ከሦስት ወር በኋላም ተመልሳ ትታይ። የኤችአይቪ ምርመራውም የሚደገመው በዚያው ጊዜ ስለሆነ ሁለቱን በአንድ ቀን መጨረስ ትችላለች። ውጤቱ ቫይረሱ በደሟ መኖሩን ካሳየ ደግሞ ሕክምናው በነፃ ወዲያውኑ ይጀመርላታል፤ መድኃኒቱን በሚገባ ወስዳ የቫይረሱ መጠን በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ ሲደርስ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ ሰው አታስተላልፍም። ሦስታችሁም ስትመጡ ጠዋት ላይ ኑ፤ ቤተ ሙከራው ውጤቱን በዚያው ቀን የማድረስ ዕድሉ ሰፊ ነው።